ብርሌ ሲነቃ

ከመስታወት ቤቱ፣ ከመቁረጫው ጓዳ፣
ደረሰኝ ገልብጬ፣ መልክህን ስቀዳ፣
«ሰው አይደለም ይሄ፣ ብርሌ ነው» ብዬ፣
ከትከሻህ ጀመርኩ፣ ማዕዘን አሹዬ።
ደም ሥር የሌለበት፣ ላብ ያልነካው ገላ፣
ክብራን ደሴት ሳይቀር፣ ከነዛፉ ጥላ፣
በሆድህ አልፎ የሚታይ ከኋላ።

በቅጽ አንድ፣ ገጽ ሦስት፣ ዓባይ ድልድይ ቆመህ፣
የዘጠኝ ትግለኛ፣ አከርካሪ ለቅመህ፣
እንደ ሸንኮራ አገዳ፣ በጉልበትህ ሰብረህ፣
«ቀጣዩስ?» ትላለህ፣ ሳታለከልክ ዞረህ።
«በቃኝ» ብሎ በእጁ፣ ወለሉን ለመታ፣
አንድም ቀን አልራራህ፣ አንድም ቀን ላፍታ፤
የቀትሯን ፀሐይ፣ በደረትህ ጠልፈህ፣
የተዘረረን ሰው፣ ትጠብሳለህ አርፈህ።

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከዋርካው ሥር ሐይቅ ዳር፣
በሁለት ብር ኪራይ፣ ስትነበብ ነበር።
ለውዝ ሻጯ ማንጠግቦሽ፣ ሊስትሮው አንሙት፣
እስካጥንትህ ጠሉህ፣ ተመኙልህ ሞት
(አጥንት ባይኖርህም)።
ሲጠሉህ ግን ደግሞ፣ ሁለቴ ተከራዩህ፣
ገጹ እስኪላላጥ፣ በጣት እየነኩህ።

ባላንጣህ ደንገሌ፣ የሐይቅ ዳር በቀል፣
እንደ ታንኳ ታስሮ፣ በልጥ የሚቀጠል፣
ስትቆርጠው ይረጥባል፣ ስትጥለው ይንሳፈፋል፣
ግን ካንተ ጋር ገጥሞ፣ በየቱ ያሸንፋል?
ወረቀትም ደንገል፣ ደንገልም ወረቀት፤
እርሳሴ ለሱ ነው፣ ያጠራት ጉልበት።

እውነቱን ልንገርህ፦ አባቴን የዚያን 'ለት
ሐይቁ ሲያስቀርብኝ፣ አላነባሁለት፤
ጎረቤት ደረቱን፣ እየመታ ሲያለቅስ፣
እንደ መስኮት ቆምኩኝ፣ ከዓይኔ ጠብ ሳይል እንባስ።
«ይሄ ልጅ ጨካኝ ነው» ሲሉኝ የሰማሁት፣
ያኔ ነው የተፀነስክ፤ እርሳስ ኋላ ያዝኩት።

ሐምሌ ነው፣ ማክሰኞ። ጋሽ ስማቸው ጠሩኝ።
ስድስት ሚሊ መስታወት። «ያዝ» አሉ፣ አስጨበጡኝ።
እጄን አልቦት ነበር።

ቀኝ መዳፌ ላይ ሰባት ስፌት።
የመስታወቱ ዋጋ ከደሞዜ።

ቅዳሜ ግን አይቀር። ልጅ ደግሞ አይታገሥ።
በግራ እጄ ያዝኩት፣ የጎደለ እርሳስ።
የመጨረሻው ገጽ፦ ደንገሌ ተቆርጦ፣
ልጡ ተበጣጥሶ፣ ጭቃ ላይ ተሰጥቶ፣
አንተ ልትረግጠው፣ እግርህን አንሥተህ፣
እንደ ሁልጊዜህ፣ ፊት የለሽ ሆነህ።
ግራ እጅ ግራ ነው፤ ግራ ገባው መስመር፤
ካንገትህ ጀምሮ፣ እስከ ወገብህ ዳር
አንድ ያላሰብኩት፣ የተንቀጠቀጠ ጭረት
ወረደ እንደ መብረቅ፣ ወረደ እንደ ሸረሪት።

ላጠፋው ነበረ።
ላጲሴን አነሣሁ።
አየኸኝ።
ከደረሰኙ ላይ፣ ዓይንህን አቅንተህ፤
ነቅተሃል፣ ወንድሜ። በሁለቱም ነቅተህ።

«ብርሌ ከነቃ፣ አይሆንም ዕቃ» ይላሉ።
ይሁን። ዕቃ አይሁን።
ሰው ይሆን እንደሆን ግን አልተናገሩ
እነዚያ አዋቂዎች፣ ተረቱን ሲቀምሩ።

ላጲሱን ኪሴ ከተትኩ።

አንሙት እስከ መጨረሻው አነበበና ተቆጣ፦
«ማን አሸነፈ? ብሬን መልስ!»
መለስኩለት።
ማንጠግቦሽ ግን የለውዝ ቅርጫቷን አስቀምጣ
ጨው የነካ ጣቷን፣ በስንጥቅህ ላይ፣
ካንገትህ ወደ ታች፣ ቀስ አድርጋ አስኬደች።
ማዕበሉ የዋርካውን ሥር መጥቶ ላሰ።
«ያመዋል?» አለችኝ።

እግርህ ገና አየር ላይ ነው።
ጨው ቀርቶብሃል።